«ለጭቃ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ገንዘብ?» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ሐይቅ አካባቢ ገጠር ነው። ፈረንሳይ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ፤ የምንኖረው ፓሪስ አጠገብ፣ ሞንትረይ ነው። ባለቤቴ ማሊያዊ ነው። ሰው «ከየት ነህ?» ሲለው ግን «ከማሊ» አይልም፤ «ከጄኔ» ነው የሚለው፤ ማሊ ውስጥ ያለች ከተማው ናት። የተዋወቅነው ረመዳን ላይ ኢፍጣር ስናዘጋጅ ነው። ወንድ ልጃችን 10፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ይህንን አስቀድሜ ልናገርለት።

ባለቤቴ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ኮንክሪት ሲያፈስ ይውላል። እኔ የሰው ልጆች እጠብቃለሁ። ቤት ለመግዛት ብለን ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን 6 ዓመት ቆጥበናል። ልጆቹ አሁንም በአንድ ክፍል ነው የሚተኙት፤ ሴቷ እያደገች ነው።

ጄኔ ውስጥ የአባቱ ቤት አለ። ፎቅ ያለው የጭቃ ቤት ነው። ወንድሙና አንዲት ያረጁ አክስቱ ይኖሩበታል። በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለምርጊቱ 300 ዩሮ ገደማ ይልካል። ይህንን ለምጄዋለሁ። ዘንድሮ ግን የጓሮው ግድግዳ ተሰንጥቋል ብለው ደወሉለት። እሱም ሳይነግረኝ ከቁጠባችን 2500 ዩሮ አውጥቶ ላከ። ያወቅኩት ከባንክ ወረቀት ላይ ነው።

ንዴት ያዘኝ። «ለጭቃ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ገንዘብ?» አልኩት። ልጆቹ ይሰማሉ። እሱ አልጮኸም። «ያ ቤት ከፈረሰ እኔ ከየትም አይደለሁም» አለና ወጣ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል። ለእኔ ግን ከ«እሺ» ያለፈ ቃል የለውም። ማታ ማታ ወንድሙ የላከለትን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ሰዎች በእጃቸው ግድግዳ ሲመርጉ ነው። ሲያልቅ እንደገና ይከፍተዋል። ትናንት ደግሞ ልጄ «እማ፣ የአባባ ቤት ጭቃ ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የጭቃ ቤት ጠፍቶኝ አይደለም። እሱ ውስጥ ነው ያደግኩት። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ የላክኩት እናቴ ከጭቃ ቤት እንድትወጣ ነው። ብሎኬት ቤት አሠራሁላት። ታዲያ አንድ ሰው ልጆቹን አጣቦ እያኖረ ወደ ጭቃ ቤት ገንዘብ ሲልክ እንዴት ልረዳው? ጥፋቱ የእኔ ነው? ተው ልበለው? ወይስ ዝም ብዬ ልቻለው? ከተማን እንዲህ መውደድስ አለ?

የሐይቋ ልጅ፣ ከሞንትረይ

የሐይቋ ልጅ፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያንቺን ንዴት ላስቀድም፣ ተገቢ ነውና። 6 ዓመት አብራችሁ ካጠራቀማችሁት ላይ ሳያማክርሽ 2500 ዩሮ ማውጣቱ ልክ አይደለም። ለጭቃ ይሁን ለወርቅ፣ ልክ አይደለም። የሰው ልጅ ስታባብዪ ውለሽ ያመጣሽው ገንዘብም አለበት። ይህንን ልትነግሪው ይገባል፤ እሱም ቁጭ ብሎ ሊሰማሽ ይገባል።

ያስኮረፈው ግን ይሄ አይመስለኝም። ስለ ገንዘቡ ብትጮሂበት ኖሮ አንድ ሁለት ቀን ተኳርፋችሁ ትታረቁ ነበር። የወጋው ቃሉ ነው። «ጭቃ» አልሽው።

እኔና አንቺ ጭቃ ስንል የሚታየን አንድ ነገር ነው። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ባለ ቤት ነው። አያቴ ግድግዳውን በእበት ለቅልቃ እጇን ሳትታጠብ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ቀና ብላ የምታየውን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ምስጥ የበላው ማገር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ጥግ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚመጣው ሐፍረት። በኛ አገር ሰው ሲያልፍለት መጀመሪያ የሚለውጠው ቤቱን ነው፤ ሣሩ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ጭቃው ብሎኬት ይሆናል። እናትሽን ከዚያ ማውጣትሽ የሚያኮራ ሥራ ነው። እና እስቲ ቀስ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ያን ቀን «ጭቃ» ስትዪ የታየሽ የእሱ አባት ቤት ነው ወይስ የእናትሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

ጄኔ ላይ ጭቃ ሌላ ወግ አለው። ትንሽ ላውጋሽ፤ ሦስት ሳምንት ዝም ያለው ሰው ሊነግርሽ ያልቻለው ይሄን ይመስለኛል።

ከተማዋ ያለችው ባኒ የሚባለው ወንዝ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ነው። ክረምቱ እንደኛው ነው፤ በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል። ውሃው ሲሞላ ከተማዋ ደሴት ትሆናለች። በቅርብ የሚፈለጥ ድንጋይ የለም። ያለው ወንዙ ትቶት የሚሄደው ጭቃ ነው። ሰዎቹ ከዚያ ጭቃ ፎቅ ቤት ሠሩ። 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ጄኔ ጄኖ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ሰው እዚያ መኖር የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ገደማ ነው። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ ወደ 2000 የሚጠጉ የጥንቱን ወግ የያዙ ቤቶች ቆመዋል። ዛሬ ማሊ የምንላት አገር ነፃ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ባለቤትሽ «ከየት ነህ?» ሲባል «ከጄኔ» ማለቱ አይግረምሽ። ከተማው ከአገሩ ይቀድማል።

መሐል ከተማው ላይ ታላቁ መስጊድ አለ። አሁን የቆመው እ.ኤ.አ. በ1907 የተጠናቀቀው ነው። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከተማው ነቅሎ ወጥቶ ይመርገዋል። ጭቃው ከሩዝ ገለባ ጋር ተረግጦ ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ይቦካል፣ ይሸታል። ቀኑ ሲደርስ ወጣቶቹ በቅርጫት ተሸክመው እየሮጡ ያመጡታል። ሴቶችና ልጃገረዶች ከወንዝ ውሃ ያመላልሳሉ። ከግድግዳው የወጡ የዘንባባ እንጨቶች አሉ፣ ቶሮን ይባላሉ፤ ግንበኞቹ እነሱ ላይ ተንጠላጥለው ጭቃውን በባዶ እጃቸው ይለጥፋሉ፣ በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ። ሽማግሌዎቹ ግንበኞች ከታች ቁጭ ብለው ያያሉ። ከበሮ ይመታል። ሕፃኑ ሳይቀር ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። በዚያ ቀን ልብሱ የጸዳ ሰው ካየሽ እንግዳ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከባድ ዝናብ ጥሎ ከማማዎቹ የአንዱ የላይኛው ክፍል ተናደ። መልሰው ሠሩት።

የመኖሪያ ቤቱም ነገር እንደዚሁ ነው። እዚያ ግንበኛ ዝም ብሎ ከገበያ አይጠራም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ግንበኛ አለው፤ ባሬይ ይሉታል። የግንበኛው አባት የአባትየውን ቤት ሠርቷል፤ ልጁ ደግሞ የልጁን ይመርጋል። የትኛው ግድግዳ ሸክሙን እንደያዘ፣ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚስብ የሚያውቀው እሱ ነው። ምርጊቱ አንድ ዓመት ቢቀር ጉዳቱ ግድግዳው ላይ ብቻ አይቀርም። ሁለት ቤተሰብ ከአባት ከአያት የያዘው ነገር ይላላል።

«ከተማን እንዲህ መውደድስ አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እስቲ ስለ ቅሬ አስቢ። እናትሽ ብሎኬት ቤት ከገቡ በኋላ ቅሬያቸውን ተዉ? አይመስለኝም። ቅሬ የሚከፈለው ስለተረፈ አይደለም። የማይከፍል ሰው ቢሞት ማን ይደርስለታል? ሠርጉ ላይ ማን ይቆምለታል? እዚያ ሰፈር «እገሌ የኛ ሰው ነው» የሚባለው በቅሬው ነው። ጄኔም እንደዚያ ነው። ቦዞ አለ፣ ፉላኒ አለ፣ ሶንጋይ አለ፣ ባምባራ አለ። ዘሩ ምንም ይሁን፣ የከተማው ሰው «ጄኔንኬ» ይባላል። እኔ እንደገባኝ ይሄ ነገር ከመወለድ ይልቅ ወደ ቅሬ ይጠጋል። በየዓመቱ ጭቃህን ትመርጋለህ፣ ስለዚህ የዚያ ሰው ነህ፤ አለቀ። መውደድ ያልሽው ነገር በስሜት ብቻ ያለ ቢሆን ኖሮ ፓሪስ አጠገብ ሆኖም ይወድደው ነበር፤ ገንዘብም አይፈጅም ነበር። የእሱ ግን ካልተመረገ ይፈርሳል።

አሁን ደግሞ ሰውየውን እዪው። ጄኔ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው? ማዕከላዊ ማሊ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በታጣቂዎች ጥቃት ስትታመስ ቆይታለች። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብታለች። መንገዱ ያስፈራል። እሱ መሄድ ስላልቻለ ገንዘቡ ይሄድለታል። ቀን እጁ ኮንክሪት ሲያፈስ ይውላል፤ ማታ ሌሎች ሰዎች በእጃቸው የአባቱን ግድግዳ ሲመርጉለት ያያል። ድምፁን ለምን እንደሚያጠፋው አስበሽ ታውቂያለሽ? እኔ የሚመስለኝ አንቺ እንዳትሰሚው ነው። ገና ያን ቃል ከአንቺ ከሰማ ሦስት ሳምንቱ ነው።

ይህን ሁሉ ማውራቴ «ስለዚህ ዝም ብለሽ ቻይው» ለማለት አይደለም። የጥንት ከተማ ልጅ መሆን ሸክምም አለው፤ ሸክሙን ማን እንደሚሸከም መጠየቅ ደግሞ ነውር አይደለም። ጄኔ ውስጥ ራሱ የሰለቻቸው ሰዎች አሉ። በየዓመቱ መመረግ ያደክማል። ግድግዳቸውን የሸክላ ንጣፍ ያለበሱ፣ ሲሚንቶ የሚመኙ ቤተሰቦች አሉ፤ ቅርስ ነው ስለተባለ ግን እንደፈለጉ መለወጥ አይፈቀድላቸውም። የውጭ ሰው መጥቶ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ዝናብ ሲገባ ሌሊት ተነስቶ ባልዲ የሚያስቀምጠው ወንድምየው ነው። የዚያን ወንድም ልብ ባለቤትሽ ጠይቆት ያውቅ ይሆን? ቤቱ እንዲቆይ የሚፈልገው ማን ነው፣ እዚያ ያለው ነው ወይስ እዚህ ያለው? ይህ ጥያቄ ከአንቺ አፍ ሲወጣ ክስ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ወንድሙ እንዲመልሰው አድርጊ።

አንድ የከተማዋ ተረት አለ። ከተማዋ ስትቆረቆር ግድግዳው እየተሠራ ይፈርስ ነበር ይላሉ። መናፍስቱ ሰው ጠየቁ። ታፓማ የምትባል የቦዞ ልጃገረድ ከነሕይወቷ ግድግዳው ውስጥ ተቀበረች፤ ከዚያ ወዲያ ቆመ። መቃብሯ ተብሎ የሚታይ ቦታ ዛሬም አለ። ይህን ስሰማ ከከተማው ይልቅ ያሰብኩት ልጅቷን ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ «ሴቷ እያደገች ነው» የምትለዋን አጭር ቃል ሳነብ ደግሞ ትዝ አለችኝ። ያ ቤት እንዲቆም እፈልጋለሁ። ግን የ7 ዓመቷ ልጃችሁ ክፍል ከግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ አይደለም። ይህንን ለባለቤትሽ በእኔ ስም ልትነግሪው ትችያለሽ፤ የታፓማን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አንድ ማታ፣ ስለ ቃሉ ብቻ ይቅርታ ጠይቂው። «ስለ ገንዘቡ ገና እንነጋገራለን። ያን ቃል መናገሬ ግን ጸጽቶኛል። ያየሁት የእናቴን ቤት ነበር» በይውና ዝም በይ። ምናልባት ያን ማታ አይመልስልሽ ይሆናል። ይሁን። ስለ እናትሽ የጭቃ ቤት ግን ነግረሽው ታውቂያለሽ? ብሎኬቱን ማለቴ አይደለም፤ የበፊቱን ነው። ሐይቅ እንዴት እንደነበር፣ ምን እንደሸተተ፣ ዝናብ ሲመጣ የት እንደምትተኙ። እሱ ያገባው ፈረንሳይ ያገኛትን ሴት ነው። ያቺን ልጅ አያውቃት ይሆናል። ወሎ ውስጥ ልጅ ሉሕ ይዞ ቁርኣን ቤት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ጄኔም ከድሮ ጀምሮ በቁርኣን ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። ከዚያ እንኳ ብትጀምሩ ወሬ አይጠፋችሁም።

የገንዘቡን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩት፤ እሁድ ከሰዓት ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ይሻላል። ወረቀት ያዙ። በየዓመቱ የሚላከውን 300 ዩሮ እንደ ቅሬ ቁጠሩት፤ ይግባ፣ አይነካ፣ በየዓመቱ አያጣላ። አንቺ ለእናትሽ የምትልኪውም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እሱ ብቻ የሚላክበት ሰው ያለው እንዳይመስል። ከዚያ በላይ የሆነ ወጪ ሲመጣ ሁለታችሁ ሳትስማሙ ከቁጠባው ሳንቲም አይወጣ። በዚህ ላይ ጠንክሪ፤ እኔ ብሆን አልለሳለስም። ትልቅ ጥገና ሲኖር ወንድሙ አስቀድሞ የግንበኛውን ግምትና የግድግዳውን ፎቶ ይላክ። ሌሎች ወንድምና እህቶች ካሉትም ይጠየቁ፤ የአባት ቤት በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ ለምን ይቆማል? የወጣውን 2500 ዩሮ ደግሞ በስንት ወር እንደሚተካ እሱ ራሱ ቁጥር ይስጥሽ። ከራሱ አፍ ቢወጣ ነው የሚሻለው።

ካልተናገረ፣ ዝምታው ከቀጠለ፣ የሚያከብረው ሰው ፈልጊ። አጎት ወይም ያ ኢፍጣር ያገናኛችሁ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። የእነሱም አገር እንደኛው ሽምግልና ያውቃል። አንድ የምፈራው ነገር ግን አለ። ግድግዳው አሳስቦት «ልሂድ» እንዳይልሽ። አሁን ጊዜው አይደለም። ይህንን ሳትፈሪ ንገሪው፤ ቤቱ ግንበኛ አለው፣ ልጆቹ ግን ሌላ አባት የላቸውም።

ልጅሽ የጠየቀሽን አትተዪው። ያን ማታ «ጭቃ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የሰማው። «አዎ፣ ጭቃ ነው፤ እንዴት እንደሚቆም አባባን ጠይቀው» በይና ወደ አባቱ ላኪው። ልጁ ሲጠይቀው አንቺም ክፍሉ ውስጥ ሁኚ፤ ልብስ እያጠፍሽም ቢሆን።

ከዚያ ደግሞ አንድ ማታ ቪዲዮውን ሲከፍት አጠገቡ ቁጭ በይ። «ድምፁን ክፈተው» በይው። ጣታቸው ግድግዳው ላይ የሚተወውን መስመር እዪ። «ያ የማን እጅ ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ስሙን ያውቀዋል። ሲነግርሽ አታቋርጪው። ሲጨርስ «የናንተ የሩዝ ገለባ ነው አይደል? የኛ የጤፍ ጭድ ነበር» በይው።